ከስክሪን ወደ ወረቀት፦ ለማተሚያ ቤት የሚላክ ፋይል እንዴት ይዘጋጃል?

የምረቃ ወቅት ሲቃረብ በየዩኒቨርሲቲው የሚገኙ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የምረቃ መጽሔት ማሳተማቸው የተለመደ ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላ ከተማ የሚዘጋጅ መጽሔት ገጹ በኮምፒውተር ይቀነባበርና ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሄደው ፋይል ታትሞ ሲመለስ ግን ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ሰማያዊው ሰማይ ወይን ጠጅ መስሎ፣ ፎቶግራፉ ፈዝዞ፣ የገጹ ዳር በመቁረጫ ተበልቶ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደል ክምር ተለውጦ። በዚህ ጊዜ አዘጋጁ ማተሚያ ቤቱን፣ ማተሚያ ቤቱም አዘጋጁን ይወቅሳል። የተዋጣው ገንዘብ ግን አይመለስም፤ ስሙ ተበላሽቶ የወጣበት ተመራቂም ያንኑ መጽሔት ዕድሜውን ሙሉ ይዞ ይኖራል።

ጉዳዩን በሳይንስ ዓይን ስንመረምረው ከክርክሩ በስተጀርባ የሚታወቁና አስቀድመው ሊታረሙ የሚችሉ ምክንያቶች እናገኛለን። ስክሪንና ወረቀት ቀለምን የሚያሳዩበት የፊዚክስ ሕግ ይለያያል፤ ኮምፒውተርም ፊደልን የሚያውቀው በቅርጹ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከነዚህ ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንመለከታለን።

ከብራና የምንማረው

ለኅትመት አስቀድሞ መዘጋጀት ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቆረቆረችው ደብረ ብርሃንም ሆነች የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር የብራና መጻሕፍት የሚጻፉበትና የሚጠበቁበት አካባቢ አካል ናቸው። ቁም ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት ብዙ ሥራ ይሠራል። ብራናውን በልክ ይቆርጣል፤ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል፤ ኅዳጉን ይተዋል። በጥቁር ቀለም የሚጻፈውን ከጻፈ በኋላ በቀይ የሚጻፉት ቅዱሳት ስሞች የሚገቡበትን ባዶ ቦታ ጠብቆ የሚያቆይበትም ጊዜ አለ። ሥዕልና ሐረግ የሚያርፍበትም ስፍራ አስቀድሞ ይታሰባል።

እዚህ ላይ የዛሬው የኅትመት ፋይል ዋና ዋና ጉዳዮች በሙሉ ይገኛሉ፤ ልክ፣ ኅዳግ፣ ለየብቻ የሚያርፉ ቀለማትና ለምስል የሚተው ቦታ። ልዩነቱ ቁም ጸሐፊው አዘጋጅም አታሚም ራሱ መሆኑ ነው። ኅትመት ሲመጣ ሁለቱ ሙያዎች ተለያዩ፤ ችግሩም የተጀመረው በዚያው ነው።

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ከሸዋው ደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያችው ከተማ የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው በመጽሐፉ ውስጥ ለተገኘው የፊደል ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ምክንያታቸውም አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ የማይችሉ መሆናቸውና እነርሱም የኅትመትን ሥራ የማያውቁ መሆናቸው ነበር። አዘጋጁ የአታሚውን፣ አታሚው የአዘጋጁን ሥራ ባለማወቁ የሚደርሰው ጉዳት እንግዲህ ዕድሜው ከ470 ዓመት በላይ ነው። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ፊደሉን የሚያውቁ አታሚዎች ቢበዙም፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ጥያቄው በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

ብርሃን ሲደመርና ሲቀነስ

የኮምፒውተርና የስልክ ስክሪን ብርሃን አመንጪ ነው። እያንዳንዷ የምስል ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ትለቃለች። ሦስቱ በሙሉ ኃይል ሲበሩ ዓይናችን ነጭ ያያል፤ ሦስቱም ሲጠፉ ጥቁር ይሆናል። ይህ በመደመር የሚገኝ ቀለም ሲሆን በሙያው አርጂቢ ይባላል።

ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ከፀሐይ ወይም ከአምፑል የመጣውን ነጭ ብርሃን ተቀብሎ ይመልሳል፤ በላዩ ያረፈው የኅትመት ቀለም ደግሞ ከዚያ ብርሃን ከፊሉን ይውጣል። ሳያን የተባለው ውኃ ሰማያዊ ቀለም ቀዩን ብርሃን፣ ማጄንታ የተባለው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ አረንጓዴውን፣ ቢጫው ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣሉ። ይህም በመቀነስ የሚገኝ ቀለም ነው። በሐሳብ ደረጃ ሦስቱ ተደራርበው ጥቁር ሊሰጡ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የኅትመት ቀለማት ፍጹም ንጹሕ ስላልሆኑ የሚገኘው ቡናማ ነው። ስለዚህ አራተኛ ሆኖ ጥቁር ተጨመረ፤ የአራቱ ስብስብም ሲኤምዋይኬ ይባላል።

ለአንኮበር ጎብኚዎች የሚሆን አንድ በራሪ ወረቀት እናዘጋጃለን እንበል። የአደይ አበባው ቢጫ ብዙም አያሳስበንም፤ ቢጫ ራሱ ከአራቱ የኅትመት ቀለማት አንዱ ነውና ደምቆ ይወጣል። የጭላዳው ቀይ ደረትም ማጄንታና ቢጫ ተደራርበው ይሰጡታል። የሚያስቸግረው ከአንኮበር አፋፍ ወደ አፋር ቆላ ሲመለከቱ የሚታየው ጥልቅ ሰማያዊ ሰማይና ከክረምት በኋላ የሚደምቀው አረንጓዴ መስክ ነው። ስክሪን የሚያሳያቸው እጅግ የደመቁ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለማት በአራቱ ቀለማት ቅልቅል ሊገኙ አይችሉም። ኮምፒውተሩ በግድ ሲለውጣቸው ወደሚቀርባቸው ቀለም ይወስዳቸዋል፤ ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ አረንጓዴውም ይደበዝዛል። ስለሆነም አዘጋጁ ምስሉን ገና በሥራው መካከል ወደ ሲኤምዋይኬ ለውጦ ቢያይ ይመረጣል፤ የሚጠፋውን ድምቀት አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ማስተካከያም ያደርጋል። ለውጡ የሚደረግበት የቀለም መግለጫ ፋይል፣ በተለምዶ ፕሮፋይል የሚባለው፣ እንደ ወረቀቱ ዓይነት ስለሚለያይ የትኛውን መጠቀም እንደሚገባ ማተሚያ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቀለም መጠንም ወሰን አለው። አራቱም ቀለማት መቶ በመቶ ቢያርፉ ድምሩ 400 በመቶ ይሆናል። ይህን ያህል ቀለም የሚሸከም ወረቀት የለም፤ ሳይደርቅ ቀርቶ በላዩ የተቀመጠውን ሉህ ያበላሻል። ለአንጸባራቂ ወረቀት ከ300 በመቶ ብዙም ያልራቀ፣ ለጋዜጣ ወረቀት ደግሞ እስከ 240 በመቶ የሚደርስ ድምር የተለመደ ወሰን ነው።

ሦስት መቶ የተባለው ቁጥር ከየት መጣ?

ማተሚያ ቤቶች የፎቶግራፍ ሬዞሉሽን በአንድ ኢንች 300 ፒክስል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ብዙዎች ቁጥሩን በቃል ይይዙታል፤ ምንጩን ግን በቀላል ስሌት ልናገኘው እንችላለን። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲያንስ አይደለም። መጽሔት የምናነብበት ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ በዚህ ርቀት ያ ማዕዘን 0.087 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 25.4 ለ0.087 ሲካፈል 290 ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ 300 የዓይናችን የመለየት አቅም የሚያበቃበት አካባቢ ነው። በዚሁ ስሌት ከ3 ሜትር ርቀት የሚታይ ባነር የዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ ይበቃዋል፤ ሰዎች ቀርበው ስለሚያዩት ግን ለጥንቃቄ ከዚያ ከፍ ይደረጋል።

ኤ4 የሚባለው ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ገጹን ሙሉ የሚሸፍን ፎቶግራፍ በኢንች 300 ፒክስል ሲታሰብ 2480 በ3508፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ያስፈልገዋል። በስልክ የመልእክት መለዋወጫ የተላከ ፎቶግራፍ ግን ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይ ይቀነሳል። ወርዱ 1280 ፒክስል ሆኖ ቢደርሰን በወረቀት ላይ በጥራት የሚሸፍነው 10.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ምስሉን በኮምፒውተር መለጠጥ የፒክስሉን ቁጥር ቢያበዛም የጠፋውን መረጃ አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተገለጸችውና በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽ ወፍ መለያዋ በቡናማ ላባዋ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጭረቶች ናቸው፤ በተለጠጠ ምስል መጀመሪያ የሚጠፉትም እነዚሁ ጭረቶች ናቸው። ስለዚህ ፎቶግራፉን ካነሣው ሰው በቀጥታ፣ በፋይልነት ወይም በፍላሽ መቀበል ይገባል። ጄፔግ በተባለው ቅርጽ የተቀመጠ ምስልም ተከፍቶ በተቀመጠ ቁጥር ጥቂት ጥቂት መረጃ ስለሚጥል ደጋግሞ ማስቀመጥ አይበጅም።

አንባቢ የታተመ መጽሔት ወስዶ በማጉያ መነጽር ቢመለከት ፎቶግራፉ ተከታታይ ቀለም ሳይሆን የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ መሆኑን ያያል። ማተሚያ መሣሪያ ፈዛዛ ቀለም ማተም አይችልም፤ ቀለሙን ያኖራል ወይም አያኖርም። ድምቀቱና ፍዘቱ የሚገኘው ነጥቡን በማተለቅና በማሳነስ ነው። የአራቱ ቀለማት የነጥብ ረድፎችም በየራሳቸው ማዕዘን ይተኛሉ፤ በተለምዶ ጥቁሩ በ45፣ ማጄንታው በ75፣ ሳያኑ በ15፣ ቢጫው በዜሮ ዲግሪ። ማዕዘናቸው ከተሳሳተ ነጥቦቹ ተጣምረው በፎቶግራፉ ላይ እንደ ሽመና ያለ የማይፈለግ ጥለት ይፈጥራሉ።

ቁርጥ፣ ኅዳግና እጥፋት

ትልልቅ ሉሆች ከታተሙና ከታጠፉ በኋላ በክምር ሆነው ይቆረጣሉ። በክምር ውስጥ አንዱ ሉህ ከሌላው ጥቂት መዛነፉ አይቀርም። እስከ ገጹ ጠርዝ የሚደርስ ፎቶግራፍ ልክ ጠርዙ ላይ ቢቆም ቢላዋው በግማሽ ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ በዳሩ ነጭ መስመር ይተዋል። በመሆኑም ምስሉ ከገጹ ውጭ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ እንዲኖረው ይደረጋል፤ የኤ4 ገጽ ፋይል ከነትርፉ 216 በ303 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በተቃራኒው መቆረጥ የሌለበት ጽሑፍ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ በጥረዛው በኩል ደግሞ ከዚህም ይበልጥ።

የገጹን ቁጥርም እጥፋት ይወስነዋል። አንድ ሉህ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ቅጠል፣ ማለትም 16 ገጽ ይሰጣል። አራት ድርብ ቅጠል ተደራርቦ የሚሰፋበት የብራና ጥራዝም እንዲሁ 16 ገጽ አለው። አንባቢ ተራ ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፎ፣ ገጾቹን ከ1 እስከ 16 ቁጥር ሰጥቶ መልሶ ቢዘረጋው በአንደኛው ፊት 1፣ 4፣ 5፣ 8፣ 9፣ 12፣ 13 እና 16፣ በሌላኛው ፊት የቀሩትን ያገኛል። በእጥፋቱ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን የሚውሉት ጥንዶች ድምርም ሁልጊዜ 17 ነው። ይህን አደራደር ማተሚያ ቤቱ በራሱ ፕሮግራም ስለሚሠራው አዘጋጁ ገጾቹን አንድ በአንድ በተራ ቁጥራቸው መላክ ይኖርበታል እንጂ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ መላክ የለበትም። ጠቅላላው የገጽ ብዛትም በ4፣ ቢቻል በ16 የሚካፈል ቢሆን ወጪ ይቆጥባል።

የፊደላችን ጉዳይ

ለእኛ አገር አዘጋጅ ከሁሉ የሚከብደው የፊደል ጉዳይ ነው። በጥንቶቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ ፎንት የሚፈቀደው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ከፊሉ ለትእዛዝ የተያዘ ነው። ሠላሳ ሦስቱ የፊደል ረድፎች በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዝና ሥርዓተ ነጥብ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። በመሆኑም የግዕዝ ፕሮግራም አዘጋጆች የየራሳቸውን ብልሃት ፈጠሩ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንቶች አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጡ። ሁሉም ግን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ አለበሱ። ስለዚህ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ሲከፈት ልብሱ ይገፈፍና የላቲን ፊደላት ይታያሉ።

መፍትሔው የመጣው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ፤ ለምሳሌ ሀ በማንኛውም ኮምፒውተር 4608 ነች። ይሁን እንጂ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱና በየግለሰቡ እጅ ስላሉ፣ ከነዚህ የተቀዳ ጽሑፍ ወደ አዲስ ፋይል ሲገባ ወደ ዩኒኮድ መለወጡን፣ ከተለወጠም በኋላ በሰው ዓይን መነበቡን ማረጋገጥ ያሻል። ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ በመምታት የሚጻፍ አራት ነጥብም ለዓይን አንድ ቢመስልም ለኮምፒውተር ሁለት ምልክት ነው፤ በግራና በቀኝ እኩል በሚደረደር ጽሑፍ መካከሉ ሊሰፋ ይችላል። ትክክለኛው አንዱን የአራት ነጥብ ምልክት መጠቀም ነው።

ዩኒኮድ ቁጥሩን እንጂ ቅርጹን አይልክም። ማተሚያ ቤቱ የተጠቀምንበት ፎንት ከሌለው ኮምፒውተሩ ሌላ ይተካል፤ የፊደሉ ወርድ ይለያይና መስመሩ ይዛወራል፤ ገጹም ይተራመሳል። ስለዚህ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር ማካተት ግዴታ ነው።

ጥቁር ፊደልና የፕሌት ሒሳብ

በኦፍሴት ኅትመት እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት አለው። 64 ገጽ ያለው ባለ ሙሉ ቀለም መጽሔት በ16 ገጽ ጥራዝ ሲታተም 4 ጥራዝ፣ በሁለት ፊት፣ በ4 ቀለም 32 ፕሌት ይፈልጋል፤ ይህም ሽፋኑን ሳይጨምር ነው። ፕሌቱ ከተሠራ በኋላ የአንድ ተመራቂ ስም መሳሳቱ ቢታወቅ ምን ይሆናል? ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ ተሠርቶ ከሆነ የሚለወጠው አንድ ፕሌት ነው። ጥቁሩ ከአራቱ ቀለማት የተደባለቀ ከሆነ ግን አራት ፕሌት ይለወጣል። በአርጂቢ የተጻፈ ጥቁር ሳይታሰብ ሲለወጥ ይህን ድብልቅ ሊሰጥ ስለሚችል የጽሑፉ ቀለም መቶ በመቶ ጥቁር፣ ሌሎቹም ዜሮ መሆናቸው መታየት አለበት።

ድብልቅ ጥቁር ሌላም ጉዳት አለው። ወረቀት እርጥበት ሲወስድ ስለሚሰፋና ሉሁም በጉዞው ጥቂት ስለሚዛነፍ አራቱ ቀለማት ሁልጊዜ ፍጹም አይገጣጠሙም። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ መዛነፍ በፎቶግራፍ ላይ አይታወቅም፤ በትንሽ ፊደል ላይ ግን ጥላ ያበጃል። በባለ ብዙ ቀለም ፎቶግራፍ ላይ በነጭ የሚጻፍ ትንሽ ጽሑፍም ቀጭን ጭረቱ በቀለም ይሞላበታል። በእኛ ፊደል ደግሞ ትንሿ ጭረት ድምፅ ናት፤ የዱ ቅጥያ ከጠፋች ስንዱ የተባለችው ተመራቂ ስንደ ትሆናለች።

መላክና መፈረም

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ፋይሉ በፒዲኤፍ መልክ ይቀመጣል። ፒዲኤፍን አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሲሆን፣ ለኅትመት ሥራ የሚሆነው ጥብቅ ዓይነት ፒዲኤፍ ኤክስ ይባላል፤ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ፎንቱ ያልተካተተበትን ወይም የገጹ ልክ ያልተገለጸበትን ፋይል ደረጃው አይቀበልም። ስለሆነም ፋይሉን በዚህ ዓይነት ለማስቀመጥ መሞከር ራሱ ፈተና ነው።

ከመላኩ በፊት አዘጋጁ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢያከናውን መልካም ነው።

ሀ) ፒዲኤፉን ፎንቶቹ በሌሉበት ሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ የአማርኛውን ጽሑፍ ማየት፤
ለ) አንድ ገጽ በትክክለኛ ልኩ በጥቁርና ነጭ አትሞ የፊደሉን መጠንና ኅዳጉን መመርመር፤
ሐ) የስሞችን ዝርዝር ጽሑፉን ላልጻፈ ሰው ሰጥቶ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር፤
መ) የወረቀቱን ዓይነት፣ የገጹን ብዛትና የጥረዛውን ዓይነት በጽሑፍ ማስፈር።

ማተሚያ ቤቱም ከኅትመት በፊት ፕሩፍ ያወጣል። በፕሩፉ ላይ የሚፈርመው ሰው እንዳየው እንዲታተም መፍቀዱ ስለሆነ ፊርማው የይስሙላ መሆን የለበትም። እስከዚያች ፊርማ ድረስ ስሕተትን ማረም የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከፕሌት በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከጥረዛ በኋላ ግን ሙሉውን ጥራዝ እንደገና ማተም ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ላይ በነበሩበት ጊዜ ይህን ሁሉ አስቀድሞ የማወቅ ዕድል አልነበራቸውም፤ ለአንባቢያቸው ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር ምርጫ አላገኙም። የዛሬው ተማሪ ግን ሁለቱንም ሙያዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሊማራቸው ይችላል። ጥቂት ፊዚክስና ጥቂት ስሌት፣ ከቁም ጸሐፊው ትዕግሥት ጋር ሲጣመሩ፣ በየመጽሔታችን የሚሰፍረውን ስምና ሐሳብ ሳይበላሽ ለአንባቢ ያደርሱታል ብለን እናምናለን።